ከሰሜን ሸዋ ወደ ባሕር በመኪና፦ ጅቡቲ፣ ታጁራ፣ በርበራ ወይስ ሞምባሳ?

በራሱ መኪና የወደብ ከተማ ለማየት ለሚነሳ ሰው የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጀምራል። በአዳማ አድርግ፣ አዋሽን እለፍ፣ ከዚያ ቀጥል ይባላል። ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ለሚነሳ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ወደ ባሕር ለመውረድ መጀመሪያ 130 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ የግድ አይደለም። የት ወደብ ልሂድ፣ በየት ልውረድ፣ በየትኛው ወር ልነሳ የሚለውን ከዚሁ ከእኛ አገር ሆኖ ለሚያሰላ ሰው ነው የምጽፈው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ባሕር አይቶ ለማያውቅና አንድ ሳምንት ገደማ ላለው ቤተሰብ ጅቡቲ ከነታጁራ ትሻላለች፤ መንገዱም በኮምቦልቻና በባቲ ነው። ወጪ ለሚያሳስበውና ሰው ያልበዛበት አሸዋ ለሚወድ የሶማሌላንዷ በርበራ ትስማማለች። በመዝናኛነት ሞምባሳ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ነገር ግን ረዘም ያለ ዕረፍት ለሌለው ሰው በመኪና ሄዶ መመለሱን አልመክርም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ከደብረ ሲና እስከ ከሚሴ ያለው መስመር በተለይ እንዲህ ነው። ስለዚህ የትኛውንም አማራጭ ብትመርጡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽትና በዕለቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ። ትናንት የመጣ ሾፌር የሚነግራችሁን ያህል የትም አታገኙም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ በአዳማ መዞር ነው፤ ወይም ጉዞውን ማስተላለፍ።

አሁን የማይሆኑት

አሰብን የማይናፍቅ የለም። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሰርዶ፣ በማንዳና በቡሬ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ለሰሜን ሸዋ ሰው ከሁሉም የቀረበ የባሕር መንገድ ነበር። የድሮ የከባድ መኪና ሾፌሮች አሰብን ሰፈር ለሰፈር ያውቋታል። በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ ከ1967 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ሲያገለግል የነበረው የነዳጅ ማጣሪያም እዚያ ነበር። ድንበሩ በ1990 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነት ተዘጋ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ተከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ። ምጽዋም በዚሁ ምክንያት ከዝርዝሩ ትወጣለች። ፖርት ሱዳን በመተማ በኩል ይታሰብ ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ግን ለመዝናናት የሚኬድበት መንገድ አይደለም።

ጅቡቲ፦ በባቲ ወይስ በድሬዳዋ?

ጅቡቲን ለመረጠ ሰው የመጀመሪያው ውሳኔ መንገዱ ነው። ሁለት ደህና አማራጮች አሉ።

አንደኛው በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ጋላፊ ላይ ድንበር የሚያቋርጠው ነው። ከደብረ ብርሃን ኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ገደማ፣ ከሚሌ ጋላፊ 160 ገደማ፣ ከጋላፊ ጅቡቲ ከተማ 220 ገደማ ነው። ሲደመር ከ760 ብዙም አይርቅም። ያንኑ ጋላፊን በአዲስ አበባና በአዋሽ አድርጎ የሚሄድ ሰው ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል።

ሁለተኛው በአዲስ አበባ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ ደወሌ ላይ የሚያቋርጠው ነው። ይህ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ነገር ግን ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ደህና አስፋልት ያለው የክፍያ መንገድ ነው። የመኪናውን እግር ለሚሳሳለት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጋላፊ ላይ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ የጫነ ተሳቢና ቦቴ ሌት ተቀን ስለሚመላለስ፣ ከድንበሩ ማዶ እስከ ዲኪል ያለው አስፋልት በክብደት ብዛት ሲጎዳ ኖሯል። ትንሽ የቤት መኪና ያለው በድሬዳዋ ቢሄድ ይሻለዋል። ከፍ ያለ መኪና ያለው በባቲ ይውረድ።

እኔ የባቲውን የምመርጠው ስለሚያጥር ብቻ አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ አገር ሲለዋወጥ የሚታይበት እንዲህ ያለ መንገድ ብዙ የለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጥልያን የፈለፈለውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ በመብራት አልፋችሁ ስትወጡ፣ ከፊት ለፊት ገደሉ ይከፈታል፤ ጉም ከሌለ ከታች የይፋት ቆላ ይታያል። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ ይጀምራል። ካፖርት ለብሶ የተነሳ ሰው ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሸሚዝም ይከብደዋል። ቀጥሎ ወደ ኮምቦልቻ ሽቅብ፣ ከባቲ በኋላ ደግሞ እንደገና ቁልቁል፤ ሰመራ ስትደርሱ ከ500 ሜትር በታች ናችሁ።

የጣርማ በሩን ቁልቁለት በፍሬን አትውረዱ። የፍሬን ሸራ ሲቃጠል መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ለመፍትሔ ጊዜ የለም። ዋሻውን እንዳለፋችሁ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይያዘው፤ ፍሬኑን እየነኩ መልቀቅ ብቻ ነው። አውቶማቲክ የሆነም ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ይዞ ይውረድ። ደብረ ብርሃን በብርድ የተሞላ ጎማ አፋር ሜዳ ላይ ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሚሌ ወይም ሎጊያ አድራችሁ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩት። ከጋለ ጎማ ላይ አየር ማስተንፈስ ግን አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ያጥርበታል።

ሰኞ ባቲ ላይ ለመዋል ቢመቻችሁ ጉዞውን በዚያ አስሉት። የሰኞ ገበያው ከደጋ የወረደውና ከአፋር የወጣው የሚገናኙበት ነው፤ ግመል፣ ፍየል፣ አሞሌ፣ እህል፣ ቅቤ። ከዚያ በኋላ እስከ ሚሌ ሰው እየሳሳ ይሄዳል። ነዳጅ ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ ይሁን፤ ሎጊያ ወይም ሰመራ ላይ ይደገም። ሰመራ አድሮ ጎህ ሲቀድ መነሳት ከሁሉም ይሻላል፤ ጋላፊ በጠዋት ይደረሳል፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ዲኪል ይታለፋል። አፋር ውስጥ በሌሊት አትንዱ። ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል፤ አስፋልቱ ሙቀት ስለሚይዝ ይወደዋል። በመብራት ስታዩት ደርሳችሁበታል።

ጅቡቲ ከተማ እና ታጁራ

ብዙ ሰው ጅቡቲ ደርሶ ከተማዋን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ከዚያም "ሙቀትና ውድነት ነው" ይላል። ውድነቱ እውነት ነው። ፍራንኩ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። አትክልትና ፍራፍሬው ከእኛው አገር የሚሄድ ነው፤ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ሰፈሮች ባሉባት ከተማ የሆቴል ዋጋ ለእኛ ኪስ አይመችም። ከእኛ አገር ሆቴል ጋር እያነጻጸራችሁ አትዘኑ፤ መጀመሪያውኑ ብዙ ሌሊት አትያዙባት።

ከተማዋ ግን መታየት አለባት። የምንበላው፣ የምንለብሰው፣ የምንነዳው አብዛኛው በዚህ በር የገባ ነው። ዶራሌ በሚባለው ወደብ አካባቢ ክሬኖቹ ኮንቴይነር ከመርከብ ሲያወርዱ ከሩቅ ማየት ብቻውን ለልጆች ትምህርት ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለው ፋብሪካ ማሽን በዚህ በኩል እንደመጣ ንገሯቸው። ወደብ ውስጥ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ በር ላይ ፎቶ ማንሳትም ያስጠይቃል። የወታደር ሰፈር አካባቢም እንዲሁ፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። መሐል ከተማ ላይ ዱሮ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው ሥፍራ አለ፤ በቅስት ያጌጡ የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች ዙሪያውን ይከቡታል። ቋንቋ አያስቸግርም፦ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ናቸው፣ ሕዝቡ ሶማሊኛና አፋርኛ ይናገራል፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው ግን በየሱቁ አይጠፋም። ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ስለሆኑ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው በእሑድና በሐሙስ መካከል ይድረስ። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማው ይተኛል፤ እናንተም ተኙ።

ምሳ ግን አታሳልፉ። የየመን ዓሣ ቤቶች ውስጥ ዓሣው ከጀርባው በኩል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በርበሬ ቢጤ ይቀባና በሽቦ ተይዞ ወደ ሸክላው ምድጃ ይገባል። ጠርዙ ጠቆር ብሎ፣ ሥጋው ገና ነጭና ርጥብ እያለ ይወጣል። ሙክባዛ ይሉታል። ከምድጃው ግድግዳ ላይ የተጋገረ ሰፊ ቂጣ ይቀርብበታል፤ በእጅ ነው የሚበላው። አንድ ዓሣ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ስለዚህ በሰው ቁጥር አትዘዙ።

ወደ ታጁራ ልለፍ፤ ለእኔ የጉዞው ዋና ነገር እሷ ናትና። ታጁራ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከጎዳ ተራሮች ሥር ያለች ትንሽ ነጭ ከተማ ናት፤ መስጊዶቿ ብዙ ስለሆኑ የሰባት መስጊድ ከተማ ትባላለች። ከጅቡቲ በጀልባ መሻገር ይቻላል፤ በመኪና ደግሞ የባሕር ሰላጤውን ዞሮ የሚሄድ ወደ 170 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ። በመኪና የመጣ ሰው በመኪና ቢሄድ ይሻለዋል፤ በመንገዱ ላይ አሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር፣ በአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ቦታ። ዳሩ የጨው ንጣፍ ነው፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ ነጩ ብርሃን ዓይን ያጠፋል፤ ያለ ጥቁር መነጽር አትውረዱ። እግር የሚቆርጥ ስለታም ጨው ስላለ በባዶ እግር መግባት አይሆንም። ውኃው ከባሕር በአሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው፤ ከገባችሁበት መታጠቢያ ጀሪካን ከመኪናው ይኑር፤ አለበለዚያ ጨው ልብሳችሁ ላይ እየደረቀ እስከ ማታ ያሳክካችኋል።

ሰሜን ሸዋ ከዚህ ሥፍራ ጋር ዝምድና አለው። ከታጁራ ተነስቶ አሳልን አልፎ፣ የአፋርን ሜዳ አቋርጦ የሚመጣው የግመል ነጋዴ መጨረሻው ይፋትና አንኮበር ነበር። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ፣ የአርጎባ ነጋዴዎች ከተማ፣ ትልቁ ገበያ ነበረች። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ሽቅብ ይመጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ቁልቁል ይሄዳል። ሰውም ባሪያ ሆኖ በዚሁ መንገድ ወርዷል፤ ታጁራ ዳር ላይ ስትቆሙ ይህንንም ማሰብ ይገባል። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከታጁራ ነበር የተነሳው፤ ውሉም በዚያው ዓመት ተፈረመ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦም ለምኒልክ ሊሸጥ ያመጣውን ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንኮበር ደርሷል፤ መንገዱ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ከአንኮበር የመጣችሁ ከሆነ፣ የአያቶቻችሁ አሞሌ የተጫነበትን ዳርቻ ነው የምታዩት።

ለመዋኘት ከታጁራ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለው ነጭ አሸዋ ከጅቡቲ ከተማ ዳርቻዎች ሁሉ ይበልጣል። ውኃው ጥልቅ የሚሆነው ቀስ እያለ ነው፤ ደጋ ያደገ፣ ዋና የማያውቅ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ሊቆም ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ዌል ሻርክ ይመጣል፤ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ የሚበላው ጥቃቅን ነገር ስለሆነ ሰው አይነካም። ለማየት ከአርታ ዳርቻ በጀልባ ይኬዳል።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ታጁራን እመርጣለሁ። ጊዜያችሁ ከተከፈለ አንድ ሌሊት ለጅቡቲ፣ ሁለት ለታጁራ። ሆቴል እንደልብ የሚገኘው፣ ሐኪም ቤትና መለዋወጫ ያለው ግን ጅቡቲ ነው፤ ሕፃን ወይም አረጋዊ የያዘ ሰው መደበኛ ማረፊያውን ጅቡቲ አድርጎ ታጁራን በአዳር ብቻ ይጎብኝ።

በርበራ

በርበራ ከእኛ በኩል ሲታይ ሩቅ ናት፦ አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ሐርጌሳ፣ ከዚያ በርበራ። ከደብረ ብርሃን ከ1000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። መንገዱ ግን በሐረር ስለሚያልፍ ለብቻው ጉዞ ነው፤ ጀጎልን አይቶ፣ ጅጅጋ አድሮ መቀጠል ይቻላል። ከውጫሌ እስከ በርበራ ያለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለወደቡ ሲባል የተሻሻለ ነው። በሐርጌሳና በበርበራ መካከል ላስ ጌል አለ፤ ከሺዎች ዓመታት በፊት ዋሻ ግድግዳ ላይ የተሣሉ ላሞችና ሰዎች፣ ቀለማቸው አሁንም ቀይና ነጭ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ብቻ በርበራን የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ከተማዋ ራሷ ጸጥ ያለች ናት። የኦቶማን ዘመን ቤቶች ያሉበት አሮጌ ሰፈር፣ ዓሣ፣ ሩዝ በግመል ሥጋ፣ ረጅም ባዶ አሸዋ። ወደቡን የሚያስተዳድረው የዱባዩ ዲፒ ዎርልድ ነው፤ አዲሱ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2021 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ኑሮው ከጅቡቲ በጣም ይረክሳል። የአልኮል መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጠጅና ቢራ መኪና ውስጥ ረስቶ ኬላ ላይ መድረስ ትልቅ ችግር ያመጣል። ሴቶች ነጠላ ቢይዙ ይመቻቸዋል፤ በዋና ጊዜም ሙሉ ልብስ ነው የሚለበሰው። ክፍያው አብዛኛው በስልክ ወይም በዶላር ስለሆነ ትናንሽ የዶላር ኖቶች ያዙ። መንዳቱ እንደእኛ በቀኝ ነው፤ ብዙዎቹ መኪናዎች ግን መሪያቸው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሊቀድማችሁ የሚወጣው ሾፌር ከፊት የሚመጣውን በደንብ አያይም። ርቀት ስጡት።

ከሐርጌሳ ወጥቶ ለሚሄድ እንግዳ የፖሊስ ፈቃድ ወይም አጃቢ ሊጠየቅ ስለሚችል አዲስ አበባ ካለው የሶማሌላንድ ጽሕፈት ቤት ቪዛ ስትጠይቁ ይህንንም አብራችሁ ጠይቁ።

ሞምባሳ

ከደብረ ብርሃን ሞምባሳ ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሞያሌ እስኪደርሱ 900፣ ከሞያሌ ናይሮቢ 780 ገደማ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ 480 ገደማ። መንገዱ እስከ መጨረሻው አስፋልት ነው። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም፤ ይህ ከሁሉም ወደቦች የሚለያት ትልቅ ጥቅም ነው። ሞያሌ ላይ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ትሻገራላችሁ። ኬንያ በግራ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ በትኩረት የነዳ ሰው ማታ ድካም ሲመጣ፣ ከማደያ ሲወጣ ወይም አደባባይ ሲዞር፣ እጁ በለመደው በኩል ይሄዳል፤ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። አጠገብ የሚቀመጠው ሰው በየመገንጠያው "ግራ" ማለትን ሥራዬ ብሎ ይያዝ።

የሚጠብቃችሁ ግን ይክሳል። ፖርቱጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ፎርት ጂሰስ፣ የስዋሂሊ አሮጌ ከተማ ከነተቀረጸው በሩ፣ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግሮ የሚኬድበት የዲያኒ ነጭ አሸዋ። ሆቴሉ በየኪሱ ልክ ነው፤ ለሙሽሮችና ለትልልቅ ቤተሰቦች የሚሆን መስተንግዶ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው እስከ ናይሮቢ ነድቶ መኪናውን እዚያ አቁሞ በባቡር ይውረድ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ባቡር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በጻቮ ውስጥ ሲያልፍ ዝሆን ይታያል። የበለጠ ያጠረው በአውሮፕላን ይሂድ።

ወሩ

ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በወሩ ነው። ጅቡቲና በርበራ ከኅዳር እስከ የካቲት ደስ ይላሉ፤ በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ አሸዋ የተሸከመ ነፋስም አለ። የበርበራ ሰው ራሱ ከዚህ ሙቀት ወደ ሼክ ተራሮች ሲሸሽ ኖሯል። ልጆች በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው የሚመቸን ለሚል ቤተሰብ እንግዲህ መልሱ ሞምባሳ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ አየሯ ለስላሳ ነው፤ ከባድ ዝናቧ በሚያዝያና በግንቦት ነው።

ለጅቡቲ ከነታጁራ እኔ የምመርጠው ከገና በኋላ ያሉትን ሳምንታት ነው። የነቢያት ጾም አልቋል፣ ሁዳዴ አልገባም፤ ጾመኛም ያለ ሐሳብ ይበላል፤ ዌል ሻርኩም ገና አልሄደም። ከጥምቀት በኋላ ያለው የትምህርት ቤት የመንፈቅ ዕረፍትም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም በአሁኑ ጊዜ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ላይ ይወድቃል፤ ቀን አስልታችሁ ተነሱ። የሚጾም ሙስሊም ቤተሰብ በረመዳን ታጁራ ቢደርስ ማታው ልዩ ነው፤ የማይጾም ግን ቀን ምግብ ቤት ተዘግቶ ይቸገራል።

መኪናውና ወረቀቱ

የኤሌክትሪክ መኪና አሁን በየቤቱ እየገባ ነው፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይበዛል። ለዚህ ጉዞ ግን አይሆንም። ከኮምቦልቻ በኋላ ባለው ሙቀትና ርቀት ላይ ቻርጅ ፍለጋ መንከራተት ልጆች ይዞ የሚሞከር አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ቤተሰብ በአውቶቡስ ድሬዳዋ ደርሶ በባቡሩ ጅቡቲ ወዳለው የናጋድ ጣቢያ ይሂድ፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ራሱ የኤሌክትሪክ ነው። የመነሻውን ቀን ከጣቢያው አረጋግጡ።

በነዳጅ መኪና የሚሄድ፦ ሁለት ደህና ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የራዲያተር ውኃ ለብቻው፣ የሚጠጣ ውኃ ለብቻው፤ በሰው በቀን ከአራት ሊትር አያንስ። ጎሚስታ ከሚሌ በኋላ በየቦታው አይገኝም።

ኢንሹራንስን በተመለከተ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም በማኅበሩ አባል አገሮች የሚሠራ የመኪና መድን፣ ከአገር ውስጥ የመድን ድርጅታችሁ ይወጣል፤ ጅቡቲም ኬንያም ይሠራል። በርበራ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ድንበር ላይ የአካባቢውን መግዛት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሁሉም ጋ ያዙ። ጉምሩክ ለጊዜው ከአገር በሚወጣ መኪና ላይ የሚጠይቀውን ወረቀት ደግሞ ከመነሳት ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ ጋላፊ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት ሰልፍ ይዞ መጀመር የሚገባው ነገር አይደለም። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ የወንድም ወይም የአባት እንኳ ቢሆን፣ መኪናውን ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ መስጠቱን በግልጽ የሚል ውክልና አስጽፉ፤ ለጅቡቲ ደግሞ በፈረንሳይኛ አስተርጉማችሁ ቅጂውን ከዋናው ጋር ያዙ።